ጌጁን ሳያስቀይሩ ችግሩን ላገኙልን ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ፍራንክፈርትና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ የኤሌክትሪክ ብልሽት ሲያስቸግራችሁ የምትደውሉላቸው ሰው ልጠቁማችሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማይወዱ "ጋሼ" ብቻ ብዬ እቀጥላለሁ።

ከጓደኞቼ ጋር የምናበራት አሮጌ ሞተር ግላይደር አለችን፤ የጀርመኑ ሻይበ ፋብሪካ የሠራት ኤስኤፍ 25 ሲ ፋልከ፣ ሮታክስ 912 ሞተር ያላት። ለማያውቃት፣ ክንፏ ረጅም ነው፤ በሞተር ትነሳና አየር ላይ ሞተሯን አጥፍታ ትንሳፈፋለች። የዚች አውሮፕላን የአርፒኤም ጌጅ፣ ማለትም ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚያሳየው፣ አመሉ ከፋ። ቀስቱ ደህና ቆይቶ ድንገት ይዘላል፤ ሬዲዮ ስናወራ ደግሞ ይብስበታል።

"ጌጅ ነው፣ ምን ችግር አለው" የሚባል ነገር እንዳይመስላችሁ። ይሄ ሞተር ከመነሳታችን በፊት በ4000 ዙር ላይ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት ሁለቱ ኢግኒሽኖች በየተራ እየጠፉ ይፈተሻሉ። አንዱ ሲጠፋ ዙሩ ከ300 በላይ መውረድ የለበትም፤ የሁለቱ ልዩነትም ከ115 ማለፍ የለበትም። ቀስቱ እየጨፈረ ይህን ማን ያነባል? ከ5800 ዙር ማለፍም ክልክል ነው፤ 5800 ራሱ የሚፈቀደው ለ5 ደቂቃ ብቻ ነው።

አንድ ወርክሾፕ በስልክ ብቻ ሰምቶ "ጌጁን ቀይሩ" አለን። ዋጋውን ስንሰማ ለጋሼ ደወልን፤ ድሮ አገር ቤት አውሮፕላን ጥገና ላይ የሠሩ ሰው ናቸው።

መጥተው ጌጁን አልነኩትም። "መጀመሪያ የሚዋሸው ሞተሩ ይሁን ጌጁ እንወቅ" አሉና፣ ፕሮፔለሩን በብርሃን የሚቆጥር መሣሪያ አወጡ። የኛ ሞተር ጊር ቦክስ 2.27 ለ1 ስለሆነ፣ ሞተሩ 4000 ሲዞር ፕሮፔለሩ 1760 ገደማ ነው የሚዞረው። መሣሪያው እዚያው ላይ ቀጥ አለ፤ ጌጁ ግን ላይ ታች ይላል። ሞተሩ ነፃ ወጣ። (በዚህ መሀል አንዱ ጓደኛችን ወደ ፕሮፔለሩ ጠጋ ብሎ የደረሰበትን ቁጣ ባትሰሙት ይሻላል።)

ቀጥለው በየዙሩ ምልክት የምትልከውን ኮይልና ሽቦዋን በቴስተር ለኩ። ደህና ናት። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ ከጌጁ ኔጌቲቭ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ቮልት ለኩ። ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው ቮልት አለ፤ የሬዲዮው ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ይጨምራል! ችግሩ ማሳው፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው መስመር ነው። ይህን ካዩ በኋላም ለመፍታት አልቸኮሉም፤ ትርፍ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ወደ ጌጁ ዘረጉ፤ ቀስቱ ወዲያው አደብ ገዛ። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የብዙ ጌጆችና የሬዲዮው ማሳ አንድ ብሎን ላይ ታስሮ ነበር፣ ተርሚናሉ ዝጎ። ጠርገው፣ አዲስ ተርሚናል አስረው፣ ሬዲዮውን ደጋግመው አስጫኑን። ሥራውን የክለቡ ባለፈቃድ ተቆጣጣሪ አይቶ መዝገቡ ላይ ፈርሟል።

የጠየቁን የእጅ ዋጋ አሳፈረን፤ ጨምረን ብንሰጥም አልተቀበሉም።

የመኪና ኤሌክትሪክም ይሠራሉ። ስልክ የሚያነሱት ማታ ማታ ነው፤ "ቶሎ ጨርሱልኝ" የሚል ደንበኛ ግን አይወዱም። ብልሽቱ መቼ መቼ እንደሚመጣ፣ መብራት ወይ ሬዲዮ ሲበራ ይብስ እንደሆነ አስተውላችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የበረራ ግብዣው እንደተጠበቀ ነው፤ አየሩ ሲከፈት እንደውላለን።