ጋሼ "የዓይን ሐኪሙ" ተገኝተዋል፤ ከዶሮ ማነቂያ ተክለሃይማኖት ገብተዋል

ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ እያሉ የመኪናችሁን ብድግ የሚል የፊት መብራት የሠሩላችሁ፣ ከ2016ቱ ፈረሳ በኋላ ግን የት እንደገቡ የጠፋባችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ ጋሼ አሁን ተክለሃይማኖት ሰፈር ናቸው። አቅጣጫውን ታች ጽፌዋለሁ። ለቸኮለ ሰው ይኸው ይበቃል። ያልቸኮለ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ፣ የኔ ምስጋና በአጭር አያልቅም።

መኪናዬ ቶዮታ ሴሊካ ናት፣ በፈረንጆች የ1991 ሞዴል፣ ኮድ 2። ከአጎቴ ነው የወረስኳት። የፊት መብራቷ ቀን ቀን ተኝቶ ይውልና ማታ ሲበራ ብድግ ይላል። የሰፈራችን ልጆች "እንቁራሪቷ" ብለው ሰይመዋታል። ባዩኝ ቁጥር "አንዴ አስነሺልን!" ይላሉ፣ እኔም አስነሳላቸዋለሁ። እናቴ "ባትሪ ትጨርሻለሽ" ትለኛለች። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ዝናቡ ይወርዳል። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ለገሃር እየወረድኩ መብራት ሳበራ የግራው ተነሳ፣ የቀኙ ዝም። አጠፋሁ፣ አበራሁ። የግራው ወረደ፣ ወጣ። የቀኙ አሁንም ዝም። ጥቁር አንበሳ ጋ ስደርስ ትራፊክ አስቆመኝ። ጎንበስ ብሎ አያትና "እህቴ፣ መኪናሽ ሰው ትጠቅሳለች እኮ" ብሎ እየሳቀ ለቀቀኝ። ነገ ካላሠራሻት ግን አልስቅም አለ።

በነጋታው ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ኮፈኑን በወጉ እንኳ ሳያዩ "መብራቱን የሚያነሳው ሞተር ሞቷል፣ የግራውም የቀኙም ይቀየሩ፣ 34,000 ብር" አሉኝ። የግራው ደህና ነው እኮ ብላቸው "እሱም ነገ ይሞታል" አሉ። እጄ ላይ ገንዘብ አልነበረም፣ የቦሎ ጊዜ ደግሞ ደርሷል። ምን አማራጭ አለ ስል ሁለቱንም አንስተን በሽቦ እንሰረው አሉኝ። ሞኝነቴ፣ እሰሩት አልኩ። ክዳኑን በእጃቸው ጎትተው ሲያነሱት የሰማሁትን የ"ቋ" ድምፅ እስካሁን አልረሳውም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኗን እንዳፈጠጠች፣ የደነገጠ ሰው መስላ ነዳኋት። ልጆቹ እንኳ አስነሺልን ማለት ተዉ።

በመጨረሻ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ልፈልግ ሄድኩ። ባለሱቁ ሳይሸጥልኝ "መጀመሪያ ለዓይን ሐኪሙ አሳዪያቸው" አለኝ። ዶሮ ማነቂያ የነበሩት? አዎ፣ እሳቸው። አጎቴ ሁሌ የሚያወራላቸው ሰውዬ! ሞተር ሊሸጥልኝ ሲችል ወደ ጠጋኝ የላከኝን ባለሱቅም እግረ መንገዴን አመሰግናለሁ።

ጋሼ ዋጋ አልነገሩኝም። መጀመሪያ ሽቦውን በፒንሳ ቆርጠው ጣሉት። "ማነው እንዲህ ያሰራት?" አሉኝ፣ ነገርኳቸው፣ ዝም አሉ። ረዳታቸውን መሪው ጋ አስቀምጠው "አብራ፣ አጥፋ፣ አብራ" እያሉ እሳቸው ጆሯቸውን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዳመጡ። የዓይን ሐኪም ይባሉ እንጂ የሚመረምሩት በጆሮ ነው። የሚሰሙትን ለኔም አስረዱኝ። ምንም ድምፅ ከሌለ ቅድሚያ ፊውዙ፣ ቀጥሎ ሶኬቱና ነጌቲቩ ከቦዲው ጋር የሚታሰርበት ብሎን ይታያል። ሪሌው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ የሚለቀው ማብሪያ፣ "ቀጭ" ብሎ ሞተሩ ዝም ካለ ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ካርቦን አልቋል ወይም ውስጡ ያለው ኮንታክት ቆሽሿል። ሞተሩ እየዞረ ክዳኑ ካልተነሳ ጥርሱ ተበልቷል፣ ያለዚያም የሚያነሳው ክንድ ወልቋል። መብራቱ እረፍት አጥቶ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ ካለ የማቆሚያው ኮንታክት ነው። እያቃሰተ በዝግታ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ወይ ግሪሱ ደርቋል ወይ ኤሌክትሪኩ በበቂ አይደርሰውም።

የኔ የቀኙ "ቀጭ" የሚለው ነበር። የግራው፣ ያ ደህና የነበረው፣ እየዞረ የማያነሳ ሆኗል።

የቀኙን ሞተር ፈትተው ካርቶን ላይ አስቀመጡትና ከጎናቸው ጀሪካን ገልብጠው "ተቀመጪ፣ እዪ" አሉኝ። እኔ ሞተሩ ለማንሳት ወደ አንድ በኩል፣ ለማስተኛት ወደ ሌላው በኩል የሚዞር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ አንድ በኩል ነው። ግማሽ ዙር ሲሄድ ክንዱ መብራቱን ያነሳል፣ የቀረውን ግማሽ ሲጨርስ ያስተኛዋል። የት መቆም እንዳለበት የሚነግረው ከጥርሱ ጋር አብሮ የሚዞር የመዳብ ሰሌዳ ነው። ቀጫጭን የመዳብ ምላሶች ሰሌዳው ላይ እየተንሸራተቱ መዳቡ የተቋረጠበት ቦታ ሲደርሱ ኤሌክትሪኩ ይቆማል፣ ሞተሩም እዚያው ይቆማል። የኔው ሰሌዳ ጠቁሮ ከሰል መስሏል። ግሪሱ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ የሻማ ቅሪት ሆኗል፣ በካቻቢቴ እየፋቁ ነው ያወጡት።

በቤንዚን በራሰ ብሩሽ ሁሉንም ካጠቡ በኋላ ከደረት ኪሳቸው ላጲስ አወጡ። የተማሪ ላጲስ፣ ግማሹ ያለቀ፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የልጅ ስም የተጻፈበት። የልጅ ልጃቸው ነው። ቤት ስትፈልገው እሳቸው ዘንድ ነው የሚገኘው። ብርጭቆ ወረቀት መዳቡን ይጭረዋል፣ የተጫረ መዳብ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ላጲስ ግን ቆሻሻውን ብቻ ይዞ ይሄዳል አሉኝ። እውነትም ደጋግመው ሲያሹት ከጥቁሩ ስር ቀዩ መዳብ ብቅ አለ። ምላሶቹን በጥፍራቸው ቀና ቀና አደረጉ፣ አዲስ ግሪስ ቀቡ፣ ገጠሙ። ረዳታቸው "አብራ" ሲባል የቀኝ ዓይኗ ብድግ አለ። ሞቷል የተባለው ሞተር! እኔ አጨበጨብኩ፣ እሳቸው ግን ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ ወደ ግራው ዞሩ።

የግራውን ሲከፍቱት የላስቲክ ጥርሱ ሦስት ቦታ ተሸርፎ ግሪሱ ውስጥ ይዋኛል። ክዳኑ በእጅ ተጎትቷል፣ ሶኬቱ ሳይነቀል በሽቦ ታስሯል፣ እኔ ደግሞ ማታ ማታ መብራት ባበራሁ ባጠፋሁ ቁጥር ሞተሩ የታሰረውን ሊያንቀሳቅስ ሲታገል ሰንብቷል። ጋሼ "ይሄ አይድንም፣ አልዋሽሽም" አሉኝ። ሰውየውን የወደድኳቸው የቀኙን ስላዳኑት ብቻ አይደለም፤ የግራውን "እሞክራለሁ" ብለው ገንዘቤን አለመብላታቸው ነው።

በጣም ያናደደኝ ምን መሰላችሁ? ሞተሩ ግርጌ በትንሽ የጎማ ክዳን የተሸፈነ መዘውር አለ። ፊውዙን አውጥቶ እሱን በጣት እያዞሩ መብራቱን ያለ ጉልበት ማንሳት ይቻላል። ፋብሪካው ለእንዲህ ዓይነት ቀን ብሎ የሠራው ነው። ያ ጋራዥ ይህን ቢያውቅ የግራው ሞተር ዛሬም ደህና ነበር። እናንተም ማታ መንገድ ላይ ከቆመባችሁ ክዳኑን በፍጹም በእጃችሁ አትጎትቱ።

ያገለገለ ሞተር ራሴ ሄጄ እንድገዛ ነው ያደረጉት፣ በመሃል ገብተው ኮሚሽን አይበሉም። "አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፣ ሶኬቱንና የክንዱን አቀማመጥ አስተያዪ፣ ባትሪ ላይ አስሞክሪው" ብለው ላኩኝ። ያው ሶማሌ ተራ ያለው ባለሱቅ 6,000 ብር ሸጠልኝ። እሳቸው ግን እንደመጣ አልገጠሙትም። እሱንም ከፍተው አጥበው፣ በላጲስ አሽተው፣ ግሪስ ቀይረው ነው የገጠሙት። ክንዱ የሚዞርበት ቀለበት (ቡሺንግ) ተበልቶ መብራቱ ጉድጓድ ላይ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ቶርኖ ቤት ልከው ከናይለን አስቀረጹልኝ። ሞተሩንም ቶርኖውንም ጨምሮ በጠቅላላ 9,800 ብር ወጣ። ከ34,000 ብር ጋር እናንተው አስሉት።

የሰፈር ልጆችን ነገር ስነግራቸው ሳቁና "ልጆቹ ናቸው ያቆዩልሽ" አሉ። መብራት ወራት ሳይነሳ ከተኛ ግሪሱ ይደርቃል፣ ኮንታክቱ ይሻግታል፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ቀንም ቢሆን ማስነሳት ጥሩ ነው። እናቴ ትስማ! ላቫጆ ስትወስዷት ደግሞ በመብራቱ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በፕሬሸር ውሃ እንዳይመቱት ንገሯቸው። ውሃው በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የሚያርፈው።

የአጎቴ ልጅ የመኪና ታሪክ ሲያነብ ነው የሚያድረው። እንዲህ ዓይነት መብራት የጀመረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ኮርድ 810 በምትባል የአሜሪካ መኪና ነው ይላል፣ ሾፌሩ በእጁ መዘውር እያዞረ ነበር የሚያነሳው። የመጨረሻዎቹ፣ ሎተስ ኢስፕሪትና ኮርቬት፣ በ2004 ቆሙ። ሴሊካ ራሷ በ1993 መጨረሻ ላይ በወጣው ሞዴል ትታዋለች። ይህን ለጋሼ ስተርክላቸው የያዙት በእጅ መዞሩን ብቻ ነው፤ "ታዲያ ምን ጎድሎባቸው ሞተር ጨመሩበት?" አሉ።

እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ስልክ አያነሱም። ለ3 ሰዓት ቀጥረው በ5 ሰዓት ይመጣሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ከሁለት መኪና በላይ አይይዝም፣ ደረሰኝ የሚባል ነገርም የለም። ወር በገባ በ24 አትሂዱ፣ ለተክለሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውሉት። ሥራ ላይ እያሉ ብዙ ከጠየቃችኋቸው ይቆጣሉ። እኔን ሦስት ጊዜ ተቆጥተውኛል፣ ሦስቱም ጊዜ ጥፋቱ የኔ ነበር።

ስማቸውንና ስልካቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። "የሚፈልገኝ ጠይቆ ይመጣል" ነው መልሳቸው። ከተክለሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው መንገድ ሂዱና መለዋወጫ ሱቆቹ ሲጀምሩ ማንኛውንም ልጅ "የዓይን ሐኪሙ የት ናቸው?" በሉት። በእጁ ይዞ ነው የሚያደርሳችሁ። የሚሠሩት ሴሊካ ብቻ አይደለም፣ የቆየች ማዝዳም ሆንዳም አይተናል። የመስታወት ማንሻና የዝናብ መጥረጊያ ሞተርም ይሠራሉ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ያለንን አሮጌ መኪና ማቆየት ግድ ሆኖብናልና እንዲህ ዓይነት እጅ ያለው ሰው ይፈለጋል።

ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎ ረዳትዎ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱንም አመሰግናለሁ። እጅዎ ይባረክ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ትናንት ማታ በቸርችል ስወርድ ሁለቱም ዓይኖቿ እኩል ተነሱ፣ ጥቁር አንበሳ ጋ ያ ትራፊክ አልነበረም እንጂ አሳየው ነበር።

እሳቸው ዘንድ የምትሄዱ ደግሞ አንድ ላጲስ ይዛችሁ ሂዱ። የልጅቷ አልቋል።