እማዬን ይዤ እንጦጦ ላይ ምሳ፦ ስለ ቪውም ስለ ሽሮውም

ቅዳሜ እማዬንና እህቴን ይዤ እንጦጦ ወጣሁ። እማዬ አዲስ አበባ ከገባች 40 ዓመት አልፏታል፣ እንጦጦን ግን የምታውቀው በጠበል ብቻ ነው፣ ማርያምን ወይ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልማ ጠበሏን ይዛ ትወርዳለች እንጂ ቁጭ ብላ ከተማውን ከላይ አይታው አታውቅም። ምግብ ቤቱን በስም አልጠራውም ቅሬታም ስላለኝ፣ ብቻ ወደ ከተማው የሚያይ በረንዳ ካላቸው አንዱ ነው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር። ስንደርስ ጥጉ ላይ ያሉት ጠረጴዛዎች በሙሉ ሪዘርቭ ናቸው ተባልን፣ እሺ ብለን ውስጥ ግድግዳ ስር ተቀመጥን፣ ግን ከአርባ ደቂቃ በላይ ማንም ሳይመጣ ባዶአቸውን ነበሩ። ሰው እዚህ ድረስ የሚወጣው ለቪው እኮ ነው! ትልልቅ ሰው ይዞ የመጣን ቢያንስ ሰዎቹ እስኪመጡ ማስቀመጥ ይቻላል። ደግነቱ አንድ ወጣት አስተናጋጅ እማዬ አንገቷን እያሰገገች ወደ ውጪ ስታይ አየና "እማማ ይምጡ፣ እኔ አስቀምጥዎታለሁ" ብሎ ወንበሩን ራሱ ይዞላት ወጣ። ግማሹን ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ልጅ ነው።

ጥቅምት ስለሆነ ክረምቱ ሰማዩን አጥቦታል፣ ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይታያል። ከፊት ለፊት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው የንግድ ባንክ ሕንፃ ነው፣ በ2014 የተመረቀው፣ ከ200 ሜትር በላይ ነው ቁመቱ። ልጁ ወደ ቀኝ እያሳየ የአፍሪካ ህብረትን አሳየን፣ ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነው ህብረቱን ለመመሥረት በሲርት የታወጀበትን 9/9/99 (በፈረንጆቹ) እንዲያስታውስ ነው አለን፣ እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። በ2004 ሲመረቅ ከተማው ውስጥ እሱን የሚያክል አልነበረም፣ አሁን የባንኩን ግማሽ እንኳን አይሞላም፣ አስቡት በአስር ዓመት ውስጥ። በግራ በኩል ደግሞ ቦሌ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ዝቅ እያሉ ሲሄዱ ይታያሉ፣ ከኋላቸው የረር፣ እና ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመ ተራራ። እማዬ "ያ ምንድነው?" አለች፣ ዝቋላ ነው ስትባል ተነሥታ አማተበች፣ ዝቋላ አቦ ጥቅምት 5 ሲነግሥ አንድ ጊዜ በእግሯ ሄዳ ነበር ልጅ እያለች።

ከዛ ልደታን ፈለገች። ያደግንበት ሰፈር በመልሶ ማልማት ከፈረሰ ቆይቷል፣ ልጁ "ከባንኩ ወደ ቀኝ ይምጡ፣ እነዛ ተደርድረው የቆሙት ኮንዶሚኒየሞች አሉ አይደል፣ እዛ ነው" አላት። ረጅም ሰዓት ዝም ብላ አየች። "ይቺን ታክላለች እንዴ" አለች በጣቷ እየለካች፣ ከቤታችን እስከ ቤተክርስቲያኑ፣ ከቤተክርስቲያኑ እስከ መርካቶ የተመላለሰችበት ሁሉ የጣት ስፋት አይሞላም። እህቴ አለቀሰች፣ እኔም ትንሽ ቀረኝ።

ወደ ምግቡ ልመለስ። እማዬ ጽጌን ትፆማለች፣ ስለዚህ ተጋቢኖ አዘዘችላት እህቴ፣ አስተናጋጁ ራሱ ቀድሞ "የፆም ነው?" ብሎ ጠየቀ፣ በዘይት ነው የተሠራው፣ በሸክላው እየተንተከተከ ነው የመጣው፣ ቃሪያው ትኩስ። የእኔ ጥብስ ግን በሳህን ስለመጣ እዛ ንፋስ ላይ አምስት ደቂቃ አልቆየም ስቡ ረጋ፣ ሥጋውም ጠንከር ያለ ነበር። ምክሬ፦ በረንዳ ላይ ከሆናችሁ በሸክላ የሚመጣ ነገር እዘዙ በቃ። እንጀራው ንጹህ ጤፍ ነው፣ ለስላሳ። ቡናው በጀበና ነው፣ ለኔ ከሁሉም የበለጠው እሱ ነው፣ የባህር ዛፉ ሽታ ከእጣኑ ጋር ሲቀላቀል ሌላ ነው። (ባህር ዛፉን ያስመጡት አፄ ምኒልክ ናቸው፣ ማገዶ አልቆ ከተማው ሊነሣ ደርሶ ስለነበር፣ አሁንም ሽቅብ ስትወጡ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ታገኛላችሁ፣ እባካችሁ ሹፌሮች ቀስ በሉላቸው።)

ዋጋው ሽሮ ሜዳ ከምንበላው እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ለሽሮው አይገባም፣ ለተቀመጥንበት ሦስት ሰዓት ግን አልቆጨኝም፣ ተነሡልን ያለንም የለም።

ለምትሄዱ፦ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ከተማው ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ሕንፃዎቹ ላይ ብርሃኑ በጎን ያርፍባቸዋል። 12 ሰዓት ሲሆን መብራቶቹ አንድ በአንድ ይበራሉ ግን ብርዱ ከባድ ነው፣ ለእናቶች ጋቢ ያዙ፣ እኛ የእህቴን ጃኬት ነው የደረብንላት። ጠረጴዛ ቀድማችሁ ደውላችሁ ያዙ፣ ከያዛችሁ ደግሞ በሰዓቱ ድረሱ ወይ ሰርዙት፣ ውስጥ ግድግዳ ስር ሌላ እናት ተቀምጣ ሊሆን ይችላል።