በአዲስ ከተማ መብያና መናፈሻ ላሳዩኝ በጎ ፈቃደኞች

ይህን የምጽፈው በስም ለማላውቃቸው ሰዎች ነው። በአካልም አይቻቸው አላውቅም። አዲስ ከተማ ገብቼ ግራ ሲገባኝ የት እንደምበላ፣ የት ጥላ ሥር እንደምቀመጥ ያሳዩኝ ግን እነሱ ናቸው። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው ነጻ ካርታ ላይ መንገዱን፣ ምግብ ቤቱን፣ አግዳሚ ወንበሩን አንድ በአንድ የሚያስገቡ በጎ ፈቃደኞች። አብዛኞቹ ለዚህ ሥራ ሳንቲም አይከፈላቸውም። ምስጋናም እምብዛም አይደርሳቸውም። ውለታቸው ስላለብኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ከተማ የቀየረ ሰው ያውቀዋል። ቤት ተገኝቶ፣ እቃ ገብቶ፣ መጋረጃ ከተሰቀለ በኋላ ነው ባዳነቱ የሚሰማው። ባንኩንና ፋርማሲውን የሥራ ባልደረባ ያሳያል። ሥራ ቦታ የሚወስደው መንገድም ቶሎ ይለመዳል። የእረፍት ቀን ሲመጣ ግን "ለአገሩ እንግዳ፣ ለሰዉ ባዳ" የሚባለው ምን እንደሆነ ይገባል። ተረጋግተው የሚበሉበት ቤት አይታወቅም። ልጆች የሚሮጡበት ሜዳ አይታወቅም። እናት ለጥየቃ ስትመጣ የት ይዘዋት እንደሚወጡ አይታወቅም።

ስልክ አውጥቶ "በአቅራቢያዬ ያለ ምግብ ቤት" ብሎ መፈለግ ቀላል ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዛ ነው። ከላይ የሚመጡት ግን ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ የከፈሉና ብዙ አስተያየት የተጻፈላቸው ናቸው። ስማቸው የገነነ፣ ዋና መንገድ ላይ ያሉ። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ አንዳንዶቹ ጋ ደስ ብሎኝ በልቻለሁ። አዲስ ገቢ የሚናፍቀው ግን የሰፈሩ ሰው ምሳውን የሚበላበትን ቤት ነው። እንዲህ ያለው ቤት ለማስታወቂያ ገንዘብ አያወጣም። ደንበኞቹ ከዛው ከአካባቢው በእግራቸው የሚመጡ ናቸው።

ኦፕን ስትሪት ማፕ የበለጠብኝ እዚህ ላይ ነው። ካርታው ላይ ኮከብ የለም። ደረጃ አሰጣጥ የለም። ከፍሎ ከላይ መውጣት ብሎ ነገርም የለም። ደንቡ መሬት ላይ ያለውን፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችለውን ነገር ብቻ መጻፍ ነው። "ምግቡ ይጥማል" ተብሎ አይጻፍም። ምን ዓይነት ምግብ እንደሚሠራ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ውጭ መቀመጫ እንዳለው፣ በዊልቸር መግባት ይቻል እንደሆነ ግን ይጻፋል። ትልቁ ሬስቶራንትና ጥቂት ጠረጴዛ ያላት ቤት እኩል አንዳንድ ምልክት ነው ያላቸው። ጣዕሙን መፍረድ የእናንተ የራሳችሁ ፋንታ ነው። እኔን ይሄ ነገር በጣም ነው የተመቸኝ። የሌላ ሰው ፍርድ ቀድሞ ጆሮዬ ሳይገባ ሄጄ እቀምሳለሁ።

አሁን አዘውትሬ የምበላበትን ቤት ያገኘሁት በዚህ መንገድ ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ከአንድ ሕንፃ ጀርባ ያለ ቤት ነው። ታፔላው ከአስፋልቱ አይታይም። በፊቱ ያለፈ ሰው ሁሉ ምግብ ቤት መኖሩን አያውቅም። ካርታው ላይ ግን አለ። የሥራ ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል፤ ሰኞ ዝግ መሆኑም ጭምር። ስደርስ ያው ሰዓት በሩ ላይ ወረቀት ላይ ተለጥፎ አየሁት። አንድ ሰው እዚች በር ላይ ቆሞ፣ ወረቀቷን አንብቦ፣ ለማያውቀው ሰው ብሎ ጽፎታል ማለት ነው። ቆሜ ይሄን ሳስበው ልቤን ነካኝ።

የፓርኩ ውለታ ደግሞ ይበልጥብኛል።

ከሰፈራችን ጀርባ መናፈሻ እንዳለ ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ሌላ ካርታ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ባዶ ቦታ ነው። መግቢያው የሚታየው በትልቁ አስፋልት በኩል ብቻ ነው፤ እዛ ለመድረስ ሰፈሩን በሙሉ መዞር ሊኖርብኝ ነው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ ስከፍተው ሌላ ነገር አየሁ። ከእኛ ወገን ጠባብ የእግር መንገድ አለች። ጫፏ ላይ የትንሽ በር ምልክት አለ። ከበሩ ቀጥሎ ደረጃ አለ። ደረጃው ስንት እንደሆነና የእጅ መያዣ ብረት እንዳለው ሳይቀር ተጽፏል። ዝቅ ሲባል በዛፎቹ መሃል አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። አንዱን ነካ ሳደርገው ከእንጨት የተሠራ፣ መደገፊያ ያለው ይላል። አጠገቡ ያለው መደገፊያ የለውም ይላል። የመጠጥ ውሃ ቧንቧው የት እንዳለ፣ ሽንት ቤቱ በየትኛው ጥግ እንደሆነ፣ የልጆቹ መጫወቻ ውስጥ ዥዋዥዌና ሸርተቴ መኖሩ፣ የትኛው መንገድ ማታ መብራት እንዳለው፣ ሁሉም አለ።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ብዙ መሄድ አትችልም። መደገፊያ የሌለው ወንበር ላይም አይሆንላትም። ልትጠይቀኝ ስትመጣ ካርታውን አይቼ ለበሩ የሚቀርበውን፣ መደገፊያ ያለውን ወንበር መረጥኩላት። ብረቱን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። ወንበሩ በተባለበት ቦታ፣ በተባለው ዓይነት ነበር። አረፍ አለችና "ይሄን ደግሞ ማን አሳየህ?" አለችኝ። ሰዎች ናቸው አልኳት። የትኞቹ ሰዎች ብትለኝ ግን መልስ አልነበረኝም።

እቤት ስገባ ፈለግኳቸው። ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ እያንዳንዱ ነገር የራሱ ታሪክ አለው። መቼ እንደገባ፣ የትኛው አካውንት እንዳስገባው፣ ማን መቼ እንዳስተካከለው ይታያል። ወንበሮቹን ያስገባው አንድ አካውንት ነው፤ ሁሉንም በአንድ ከሰዓት። ፓርኩን በእግር ዞሮ ወንበሮቹንና ቧንቧውን እንደጨመረ የምትገልጽ አጭር ማብራሪያም ትቷል። ደረጃውን ቆጥሮ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። የምግብ ቤቱን ሰዓት ያስተካከለው ደግሞ ሌላ። የሚተዋወቁ አይመስለኝም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕን እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ያኔ ለንደን ተማሪ ነበር። በአገሩ ጥሩው የካርታ መረጃ በመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር፤ ለመጠቀምም ፈቃድና ክፍያ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ የተጀመረው ዊኪፒዲያ ሰዎች ተባብረው የእውቀት መዝገብ መሥራት እንደሚችሉ አሳይቶ ነበርና ካርታም ለምን እንዲህ አይሠራም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የጂፒኤስ መሣሪያ ይዘው በእግርና በብስክሌት እየዞሩ ነው መንገዶቹን የመዘገቡት። እ.ኤ.አ. በ2006 ለትርፍ ያልቆመ ፋውንዴሽን ተቋቋመለት። ዛሬ የተመዘገበው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ነው። ሁሉም ካርታ ይሠራል ማለት አይደለም፤ በትጋት የሚሠሩት ከዚህ በጣም ያነሱ ናቸው። ለዛም ነው ምስጋናው የሚገባቸው።

የዚህን ሥራ ክብደት ብዙ ሰው የተረዳው እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ሄይቲ ላይ ያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ነው። ከያለበት ዓለም የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች የሳተላይት ምስል እያዩ የዋና ከተማዋን የፖርቶፕራንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ካርታ ላይ አወጧቸው። የነፍስ አድን ሠራተኞች ተጠቀሙበት። እኔን ወንበር ያሳየኝ ካርታ ያው እሱ ነው። በዛው ዓመት በርሊን ላይ ዊልማፕ የሚባል አገልግሎት በዚሁ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ተከፈተ። በዊልቸር የሚገባበትን ቦታ በአረንጓዴ፣ በከፊል የሚሆነውን በቢጫ፣ የማይገባበትን በቀይ ያሳያል። እኔ ለእናቴ ስል እሱንም አየዋለሁ። ለዊልቸር የሚመች በር ጉልበቱን ለሚያመው ሰውም፣ የሕፃን ጋሪ ለሚገፋውም ይመቻል።

ከተማ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ወይም ገና የገባችሁ ካላችሁ፣ ካርታውን ስልክ ላይ ለመጠቀም ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ የሚባሉትን አፖች እጠቁማለሁ። ለጀማሪ ኦርጋኒክ ማፕስ ይቀላል። ነጻ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ኦስምአንድ ዝርዝሩ የበዛ ነው፤ መቆፈር ለሚወድ ሰው ይሆናል። ሁለቱም ላይ የከተማውን ካርታ አንዴ ዋይፋይ ባለበት ካወረዳችሁ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። አዲስ ከተማ ገብቶ ሲም ካርድ ገና ላላወጣ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ቤቴን መሃል አድርጌ በእግር የሚደረስበትን ያህል አሰፋለሁ፤ ከዛ አረንጓዴ ቦታዎቹንና የእግር መንገዶቹን አያለሁ። በነጠብጣብ የተሠመሩትን ቀጫጭን መንገዶች አትለፏቸው። ለመኪና የተሠራ ካርታ ብዙ ጊዜ የሚዘላቸው እነሱን ነው፤ ጥሩ ጥሩው ነገር ደግሞ ያለው እነሱ ዳር ነው።

ጎደሎ የለውም አልልም። ካርታው የሚሞላው ሰው በሄደበት ልክ ነው። አንዱ ሰፈር እያንዳንዱ ዛፍ ሳይቀር ተመዝግቦ ሌላው ሰፈር ባዶ ሊሆን ይችላል። የተዘጋ ምግብ ቤት ክፍት መስሎ የሚቆይበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ርቃችሁ ከመሄዳችሁ በፊት መረጃው መጨረሻ ላይ መቼ እንደተነካ እዩ። ካርታውንም በየጊዜው አድሱት፤ ድረ ገጹ ላይ የተስተካከለ ነገር ያወረዳችሁት ካርታ ላይ የሚታየው ስታድሱት ነው።

የጎደለውን መሙላት ደግሞ ከሚመስለው በላይ ቀላል ነው። በአንድሮይድ ስልክ ስትሪት ኮምፕሊት የሚባል አፕ አለ። በሰፈራችሁ ስትሄዱ ጥያቄ ያቀርብላችኋል። ይሄ ወንበር መደገፊያ አለው? ይሄ ሱቅ በስንት ሰዓት ይከፈታል? ይሄ መንገድ አስፋልት ነው ወይስ ኮረት? ያያችሁትን መመለስ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ግን አደራ። ከሌላ ካርታ ገልብጣችሁ አታስገቡ፤ የባለቤትነት መብት ስላለው ክልክል ነው። በእግራችሁ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ያያችሁት ይበልጣል። ሌላው፣ የምታስገቡት ነገር ሁሉ ከነሰዓቱ ለማንም ይታያል፤ ስለዚህ የአካውንት ስማችሁ የመዝገብ ስማችሁ ባይሆን ይመረጣል። እኔም አሁን የሰፈሬን እየሞላሁ ነው። ከሥራ ስመለስ መንገዴ ላይ ያለችውን እጨምራለሁ። በዚሁ ሰበብ በቀጥታ አልፌ እሄድባቸው የነበሩትን መታጠፊያዎች ማየት ጀምሬያለሁ።

እናንተ ካርታ ሠሪዎች፣ እጃችሁ ይባረክ። ፀሐይ ላይ ዞራችሁ ወንበር የቆጠራችሁ፣ በር ላይ ቆማችሁ ሰዓት የገለበጣችሁ፣ ውሃ የሚጠጣበትን ያሳያችሁን፣ ዋጋችሁን እግዜር ይክፈላችሁ።

አንባቢዎችም ይህን ምስጋና በቀጥታ ማድረስ ትችላላችሁ። በኦፕን ስትሪት ማፕ ድረ ገጽ ላይ የምትወዱትን ቦታ ንኩና ታሪኩን ክፈቱ። ያስገባውን አካውንት ስትነኩ መልእክት መላኪያ ታገኛላችሁ። እኔ ወንበሮቹን ላስገባው ሰው ጽፌለታለሁ። ለመላክ እናንተም አካውንት ያስፈልጋችኋል፤ በኢሜይል ወዲያው ይከፈታል።