ቪዲዮ ለማቀናበር ኤች.264 ወይስ ፕሮሬስ?

ኤች.264 እና ፕሮሬስ ቪዲዮን አምቀው የሚያስቀምጡ ቅርጸቶች ናቸው። ኤች.264 በዋናነት ለቀረጻና ለሥርጭት የሚውል ሲሆን፣ አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣው ፕሮሬስ ግን ለቅንብር ታስቦ የተሠራ ነው።

የአሠራር ቅለት፦ ኤች.264 አብዛኞቹን ፍሬሞች (ቪዲዮው የሚገነባባቸውን ነጠላ ምስሎች) በሙሉ አይመዘግብም፤ ከአጎራባች ፍሬሞች የተለወጠውን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አንዱን ፍሬም ለማሳየት ሌሎቹንም መፍታት ይኖርበታል፤ በቅንብር ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ ስንመላለስ ምስሉ የሚንቀራፈፈውም ከዚህ የተነሣ ነው። ፕሮሬስ እያንዳንዱን ፍሬም ራሱን አስችሎ ስለሚያስቀምጥ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይቀላል።

የማከማቻ ወጪ፦ በሰከንድ 50 ሜጋቢት የተቀረጸ ኤች.264 በሰዓት 22 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል።
ከፕሮሬስ ዓይነቶች አንዱ የሆነው ፕሮሬስ 422 በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሆን፣ በሰዓት በ1080 ጥራት 55 ጊጋባይት ገደማ፣ በ4ኬ ከ200 ጊጋባይት በላይ ይፈልጋል። መጠባበቂያ ቅጂ ሲታከል ይህ እጥፍ ይሆናል፤ ቢሆንም በሌላ ዲስክ ላይ ቅጂ ሳይኖር ሥራ መጀመር ፈጽሞ አይገባም።

ቀለም፦ ባለ 8 ቢት ኤች.264 ለእያንዳንዱ የቀለም መስመር 256 ደረጃዎች ሲኖሩት ባለ 10 ቢቱ ፕሮሬስ 1024 አለው። ነገር ግን በ8 ቢት የተቀረጸን ምስል ወደ ፕሮሬስ መቀየር ያልተቀረጸውን ቀለም አይመልስም፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

በዕለቱ ለሚሠራጭ አጭር ዜና ኤች.264 ይበቃል። ካሜራው ራሱ በፕሮሬስ የሚቀርጽ ከሆነና ሥራው ሰፊ የቀለም እርማት የሚጠይቅ ከሆነ ፕሮሬስ ይመረጣል። ዲስኩ ጠባብ፣ ኮምፒውተሩም ደካማ ለሆነበት አቀናባሪ ደግሞ በአነስተኛ ጥራት የተዘጋጁ የፕሮሬስ ፕሮክሲ ፋይሎች ላይ ሠርቶ በመጨረሻ ወደ ዋናው ፋይል መመለስ ይሻለዋል።