ሬጉሌተሬ ወንዙን አልቻለውም

ከጋኑ የሚመጣውን አየር በአፌ የሚያቀብለኝን ሬጉሌተር ስገዛ ሻጩ «እንደዚህ ቀልሎ የሚተነፈስበት አታገኝም» ነበር ያለኝ። አልዋሸም። በረጋ ውሃ ስምንት ወር ሙሉ አንድም ቀን አላስቸገረኝም። እኔ ግን የምጠልቀው ፈጣን ወንዝ ሥር የሰጠሙ መርከቦችን ለማየት ነው፤ ይህንንም ነግሬው ነበር።

ባለፈው ወር ከጓደኛዬ ጋር የወንዙ ወለል ላይ የተዘረጋውን ገመድ ይዘን ወራጁን ፊት ለፊት እየታገልን ወደ አንድ አሮጌ የእንጨት መርከብ ተጠጋን። ሳንቃዎቹ እስካሁን ጠንካራ ናቸው፤ እንጨት የሚቦረቡረው የባሕር ትል ጨው በሌለው ወንዝ አይኖርም። ላየው የፈለግኩት መልሕቁ ያለው ከፊት በኩል ነው። ከመርከቡ ከለላ ወጥቼ ቀና ስል አየሩ ሳልስበው ይንፎለፎል ጀመር። አረፋው ዓይኔን ጋረደኝ። አንገቴን ሳዞር ያቆማል፣ ሳቀና ይጀምራል። 130 ባር የነበረው የጋኑ አየር ግፊት መለኪያ 80 ሲያሳይ መልሕቁን ሳላይ ወጣን።

ምክንያቱ ያው የተመሰገነበት ቅለት ነው። ሬጉሌተሩ ውስጥ አየር ስንስብ ቫልቩን፣ ማለትም የአየሩን በር፣ የሚከፍት ዳያፍራም የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ እንዲቀል ተብሎ ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ በሚያሳድረው ግፊት እንዲከፈት ይስተካከላል። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ ፊት ለፊት ሲመታው ግፊቱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ፍጥነቱ 1.5 ሜትር ሲሆን ከ11 ያልፋል። ያን ጊዜ ቫልቩን የሚከፍተው የእኔ ሳንባ ሳይሆን ወንዙ ነው።

«ፊትህን ወደ ጎን አድርግ» ይለኝ ይሆናል ሻጩ። ጎኑን ለወራጅ የሰጠ መነጽር ውሃ ይሞላል፣ ሲብስም ይወልቃል፤ እሱ ወንዝ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። «ቴክኒሻን ያጥብቀው» ካለም አስጠብቄዋለሁ። መንፎልፎሉ ቀነሰ፣ ትንፋሹ ግን ከበደ። ታዲያ ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈልኩት ለምኑ ነው?

የጓደኛዬ ሬጉሌተር ከእኔው በዕድሜ የሚበልጥ፣ በዋጋም የሚያንስ ነው። ጎኑ ላይ ግን በእጅ የሚዞር ማስተካከያ አለው፦ ወራጁን ሲጋፈጥ ያጠብቀዋል፣ ከመርከቡ ጀርባ ሲጠለል ያላላዋል። እኔ ስገዛ ይህን አልጠየቅኩም፤ የሚቆጨኝም እሱ ነው።

ሐይቅ ላይ ለሚጠልቅ ሰው ዛሬም ግዛ እለዋለሁ። ለወንዝ ግን አይሆንም። ጓደኛዬ የእሱን የመሰለ ሌላ ትርፍ ሬጉሌተር ስላለው በሚቀጥለው ሳምንት በእሱ እገባለሁ። መልሕቁን አላነሳውም፤ ዘመን ሙሉ ውሃ ውስጥ የኖረ ብረት ሳይታከም ከደረቀ ሊሰነጣጠቅ ይችላል። ቀለበቱን በእጄ ብነካው ይበቃኛል።