ይቺ የኪስ ኮንዳክቲቪቲ መለኪያ ለክፍል ሙከራ ትበቃለች

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። የቱ ውሃ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ ለልጆቹ የማሳየው እስካሁን በባትሪና በትንሽ አምፖል ነበር። አምፖሏ ወይ ትበራለች ወይ አትበራም፣ ከዚያ ወዲያ የምትነግረን የለም። ከሁለት ወር በፊት መርካቶ ወርጄ ይቺን እስክሪብቶ የምታህል፣ ኮንዳክቲቪቲ (አንድ ፈሳሽ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያስተላልፍ) በቁጥር የምትነግር መለኪያ ገዛሁ። አልቆጨኝም።

መጀመሪያ ግን አበሳጭታኛለች። የሸጠልኝ ሱቅ ማስተካከያ ፈሳሹን አልሰጠኝም፣ ያለሱ ደግሞ ቁጥሯን ማመን አይቻልም። በ25 ዲግሪ 1413 ማይክሮ ሲመንስ መነበብ ያለበትን የፖታሲየም ክሎራይድ ፈሳሽ ለብቻው ፈልጌ ገዛሁ። ስነክራት 1290 አለች። አስተካከልኳት፣ ከዚያ ወዲህ ደህና ናት።

የባትሪ ውሃ (የተጣራ ውሃ) ውስጥ ስኳር ብትበጠብጡ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም፤ ስኳር ሲሟሟ ወደ አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ወደሚሸከሙ ቅንጣቶች፣ አይከፋፈልም። በሊትር 1 ግራም ጨው ግን ወደ 2000 ያደርሳታል። ኮምጣጤ ደግሞ ያ ሁሉ አሲድ እያለው ከ1000 ሞለኪውል አዮን የሚሆነው 4 ወይም 5 ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚጠበቅበትን ያህል አያስተላልፍም። ይህን በአምፖል ማሳየት ከባድ ነበር።

በጣም የወደድኳት በሳሙናው ሙከራ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ጓደኛዬ ጥቂት ሶዲየም ዶዴሲል ሰልፌት ሰጠኝ፤ ብዙ የጥርስ ሳሙና ውስጥ የሚገባው ነጭ ዱቄት ነው። በአንድ ሊትር የባትሪ ውሃ ላይ ግማሽ ግማሽ ግራም እየጨመርን አነበብን። ቁጥሩ እኩል እኩል እየዘለለ ወጣ፣ 2.5 ግራም አካባቢ ስንደርስ ግን ዝላዩ አጠረ። ሞለኪውሎቹ ውሃ የማይወደውን ጭራቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ማይሴል የሚባል ጉብጉብ ክምር ይሠራሉ፣ ኤሌክትሪክ ከሚሸከመው ሶዲየምም ብዙውን አጠገባቸው ይዘው ያስቀሩታል፣ ዝላዩ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

የገጽ ውጥረት፣ ማለትም የውሃው ገጽ ጠብታን አጥብቆ የሚይዝበትን ኃይል፣ አትለካም። ለሱ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ይበቃል፣ ጠብታ መቁጠር ነው። 1 ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ 18 ጠብታ ሲወጣው፣ ሳሙናው እየበዛ ሲሄድ 30 ደረሰ፤ ውጥረቱ ሲቀንስ ጠብታው ሳያድግ ይወድቃላ። እሱም እዚያው 2.5 ግራም አካባቢ መጨመሩን አቆመ። አንዲት ተማሪ ሁለቱን ግራፍ ጎን ለጎን ይዛ «ቲቸር፣ አንድ ቦታ ላይ ነው የታጠፉት!» ብላ ጮኸች።

ሳሙና ከነካች በኋላ ሦስት ጊዜ ካላለቀለቃችኋት ቀጣዩን ንባብ ታበላሻለች። ሞቅ ያለ ፈሳሽ ውስጥም አትቸኩሉባት፤ ሙቀቱን ራሷ ታስተካክላለች፣ ግን አንድ ደቂቃ ትፈልጋለች። የምትገዙ ካላችሁ ማስተካከያ ፈሳሹ አብሯት መኖሩን ሳታዩ ብር እንዳትከፍሉ።