«ተፈጥሯዊ ሳሙና» ልማር ሄጄ ሰልፎኒክ አሲድ ይዤ ተመለስኩ

ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ «ተፈጥሯዊ የቤት ጽዳት ምርቶች አሠራር» የሚል የግማሽ ቀን ሥልጠና ወሰድኩ። ስማቸውን አልጠራም። ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን 1,500 ብር ከፍያለሁ፣ ቅዳሜዬንም ሰውቻለሁ፣ ስለዚህ ትንሽ ልናገር።

ለምን ሄድሽ ካላችሁኝ፣ በረኪና ሲሸተኝ ያስለኛል፣ ላርጎ ደግሞ እጄን ይሰነጣጥቀዋል። ማስታወቂያው ላይ ሎሚ፣ አረንጓዴ ቅጠልና የእንጨት ማንኪያ ነበር። በማንኪያዋ ተሸወድኩ።

የመጀመሪያው ሰዓት አሪፍ ነበር። አሠልጣኙ ተጫዋች ልጅ ነው። የሎሚ ልጣጭ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፎ ከርሞ ነበርና አሸተተን፣ ክፍሉ ሁሉ ሸተተ። ከዚያ ሰማያዊ ጀሪካን ወጣ። ከውስጡ እንደ ማር የወፈረ ቡናማ ነገር ቀዳ። ሰልፎኒክ አሲድ ነው፣ ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራበት የፋብሪካ ኬሚካል። በውሃ የተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ጨመረበት፣ አሲዱን እንዲያበርደው። ቀጥሎ ቴክሳፖን (አረፋ የሚሰጠው የፋብሪካ ኬሚካል)፣ ጨው፣ አረንጓዴ ቀለም፣ የሎሚ ሽታ ያለው ሽቶ። አማሰለውና «ይኸው የቤት ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና!» አለን።

እጄን አወጣሁ። «ወንድሜ፣ ተፈጥሯዊ የሆነው የቱ ጋ ነው?»

«ጨው አለው እኮ፣ እህቴ!»

ክፍሉ ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ብሬን እያሰብኩ ነው።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ሳሙናው ይሠራል። ቅባት ያነሳል፣ አረፋውም ደህና ነው። ሰፈር ውስጥ በጀሪካን እየሸጡ የሚተዳደሩ ሰዎች የሚያመርቱት ይሄንኑ ስለሆነ ለሥራ ብሎ የሚማር ሰው ይጠቀማል። አንድ ጠቃሚ ነገርም ይዤ ወጥቻለሁ፤ ጨው ሳሙናውን የሚያወፍረው እስከተወሰነ ድረስ ብቻ ነው፣ ካለፈ መልሶ ያቀጥነዋል። የኛ ቡድን ለወጥ የምንጨምር ይመስል አበዛነውና ውሃ ሆኖ ቀረ። ያልወደድኩት ጓንቱን ነው። ለ14 ሰው ሁለት ጥንድ! ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ይበላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባማ አያድርስ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ዕቃው እስኪፋጅ ይግላል። የምትሄዱ ካላችሁ ጓንትና የዓይን መከላከያ ከቤታችሁ ያዙ።

ከዚያ የሁሉም ተወዳጅ ትዕይንት መጣ፣ አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ። ቡፍ ብሎ አረፋ ሲሆን ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ቀረጸ። «አያችሁ ኃይሉን?» አለ። የለም፣ ኃይሉ እዚያው እየሞተ ነው። አንዱ አሲድ፣ ሌላው የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ፣ ቡፍ የሚለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፣ አረፋው ሲወርድ እጃችሁ ላይ የሚቀረው ትንሽ ጨው ያለበት ውሃ ነው። ለየብቻ ግን ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ቤኪንግ ሶዳውን በጥቂት ውሃ ለውሼ ታቹ ያረረ ድስት ላይ ቀብቼ ግማሽ ሰዓት ተውኩትና በእስፖንጅ ፈተግኩት፣ ሽቦ ሳልነካ ለቀቀ። አቼቶውን ደግሞ ከውሃ ጋር እኩል አድርጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ አፈላሁት። ለዓመታት የተጋገረው ነጭ ነገር እንደ ቅርፊት ተላጠ። የጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰፈር ከሆናችሁ የምለው ይገባችኋል።

ጉዴን ልንገራችሁ። በዚያው ደስታዬ ከመደርደሪያችን እብነ በረድ ላይ አቼቶ ፈሶ አደረ። ጠዋት ብጠርገው ክብ፣ ደብዛዛ ምልክት ትቷል። በጨርቅ ብል፣ በዘይት ብል እንቢ አለ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውም እብነ በረዱም በዋናነት ያው ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፣ አንዱን የሚበላ አሲድ ሌላውን አይምርም። ይሄን ሥልጠናው ላይ ማንም አላነሳውም።

የተናደድኩት ግን በሌላ ነገር ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ አቼቶው ላይ በረኪና ጠብ ባደርግበትስ?» ብለው ጠየቁ። አሠልጣኙም «እንዲያውም ይጠነክርልዎታል፣ እማማ» አላቸው። በስመአብ! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ነው የሚያወጣው። መስኮት የሌለው የኮንዶሚኒየም ሽንት ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ይሄን የሚቀላቅል ሰው አስቡት። ተነስቼ ተናገርኩ፣ ልጁ ትንሽ ደነገጠ፣ «ለጥንቃቄው አለመቀላቀል ይሻላል» ብሎ አለፈው። ለጥንቃቄ አይደለም፣ ወንድሜ፣ ጭራሽ አይቀላቀልም! በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር። ደግሞ አቼቶ ጀርም በመግደል የበረኪናን ቦታ ይተካል ያለውም ትክክል አይደለም። ቤት ውስጥ ሰው ተቅማጥ ይዞት ከሆነ እኔም ብሆን እያሳለኝ በረኪናዬን ነው የማነሳው።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። «አንቺ ልጅ፣ እንዶድ እያለልሽ ነው ይሄን ሁሉ ብር የከሰከስሽው?»

እውነቷን ነው። ግማሽ ቀን ሙሉ «ተፈጥሯዊ» ሲባል እንዶድ የሚል ቃል አንድ ጊዜ አልተነሳም። ይሄ አገር እኮ ነጠላና ጋቢውን በእንዶድ ሲያጥብ የኖረ ነው! ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው ነው የቢልሃርዚያን ተሸካሚ የሚገድል ነገር ያገኙት፣ ኋላም በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ወስደውበታል። የእሳቸውን ስም የያዘ የምርምር ተቋም ያለው እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እኛ ደግሞ እዚሁ አራት ኪሎ ተቀምጠን ቴክሳፖን እናማስላለን።

ከመርካቶ ደረቅ እንዶድ ገዛሁ። እማዬ እንዳለችኝ ወቅጬ፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ አሳደርኩ፣ ጠዋት በጨርቅ አጠለልኩት። ስትወቅጡ አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ እኔ ሃያ ጊዜ ነው ያስነጠስኩት። አረፋው ጉድ ነው። ጋቢዬ ነጣ፣ የነጠላዬ ጥበብም ቀለም አልለቀቀም። ዕቃ ግን አላጥብበትም፤ ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ነገር ሰው የሚበላበት ሳህን ላይ ምን ይሠራል? አረንጓዴ ላበቀለው ጀሪካን ደግሞ ግራዋ። ቅጠሉን አሽቶ ከጠጠርና ከጥቂት ውሃ ጋር መናጥ ነው፣ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ይጠራል።

ለጠቅላላው ከ5 ሁለት ሰጥቻለሁ፣ አንዱ ለልጁ ጨዋታ ነው። ሳሙና ሸጣችሁ መተዳደር ካሰባችሁ ሂዱ። ተፈጥሯዊ ነገር ፍለጋ ከሆነ አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳና እንዶድ ገዝታችሁ ብዙ ብር ይተርፋችኋል።

አንድ የረሳሁት። ስንወጣ ለእያንዳንዳችን የሠራነውን ሳሙና በሃይላንድ ሞልተው ሰጡን፣ ምንም ሳይጻፍበት። አረንጓዴ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል፣ ልክ ለስላሳ መጠጥ። የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቱ ነው፣ ክዳኑን ከፍቶ ወደ አፉ ሲያስጠጋው ነው የደረስኩት። በዚያው ቀን ትልቅ ጀሪካን ውስጥ ገልብጬ ለግቢያችን ጥበቃ ሰጠኋቸው። መኪና ያጥቡበታል። አሪፍ ነው ብለውኛል።